ለሽያጭ የሚቀርብን ቤት ለፎቶ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

ቤት ማዘጋጀት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን እንግዳ ነው። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ ይወጣል፣ ሶፋው ዳንቴል ይለብሳል። ለእንግዳ ይጨመራል፤ ለሽያጭ ፎቶ ግን ይቀነሳል። ገዢው የሚከፍለው ለወለሉ፣ ለግድግዳውና ለመስኮቱ ስለሆነ ፎቶው ላይ እነዚህ መታየት አለባቸው። በተለይ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ተቀምጦ በአዲስ አበባ ቤት የሚፈልግ ሰው፣ ዘመዱን ሄደህ እይልኝ የሚለው አስቀድሞ የተላከለት ፎቶ ሲማርከው ነው። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየምን እንደ ምሳሌ ይዘን ሥራውን በቅደም ተከተል እንመልከት።

መጀመሪያ ሳሎኑን ያቅልሉ። አብዛኛው ሳሎናችን ጠባብ ሆኖ ሳለ ሙሉ ሶፋ፣ ቡፌ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫና ተደራራቢ ጠረጴዛ ይይዛል። ከሶፋዎቹ ቢያንስ አንዱን ያውጡ፤ መስኮት የሚጋርደው ይቀድማል። ምንጣፉ ጥሩ ሴራሚክ ሸፍኖ ከሆነ ጠቅልለው ያንሱት። የፕላስቲክ አበባ፣ የግድግዳ ካላንደር፣ ቡፌው ላይ የተደረደረ ብርጭቆ ሁሉ ይነሳ። የሠርግና የምረቃ ፎቶዎችንም ያውርዱ፤ የቤተሰብዎ ፊት በማያውቁት ሰው ስልክ ውስጥ የሚዞርበት ምክንያት የለም። የተነሳው ዕቃ ወደ መኝታ ቤት ወይም ወደ በረንዳ እንዳይሄድ፤ እነሱም ፎቶ ይነሳሉ። ለአንድ ቀን ጎረቤት ወይም ዘመድ ቢያስቀምጥልዎ ይሻላል።

ቀጥሎ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ነው። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ መወልወያና የጋዝ ሲሊንደር ከእይታ ይውጡ። ምጣዱ ተወልውሎ ጥግ ይያዝ። የቧንቧው ጫፍ ላይ የጋገረውን ነጭ ቆሻሻ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ማሸት ያስለቅቀዋል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ክዳን ይዘጋ፣ ፎጣና ሳሙና ይነሳ። የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ካለዎት ግን እሱን አይደብቁት፤ ለብቻው ያንሱት። የአዲስ አበባ ገዢ ስለ ውኃ ሳይጠይቅ አይውልም፤ ለእሱ ሮቶ ከሚያምር መጋረጃ ይበልጣል።

ከጽዳቱ በኋላ ትንንሽ ጥገና ያድርጉ። የሚስማር ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈን፣ የላላ ማብሪያና ማጥፊያ ይጥበቅ፣ የተቃጠለ አምፖል ይለወጥ። በአንድ ክፍል ውስጥ ቢጫና ነጭ አምፖል አይቀላቅሉ፤ ግድግዳው በፎቶ ላይ ዥንጉርጉር ይሆናል። እርጥበትና ሻጋታ ሲሆን ግን ጉዳዩ ከፎቶ ያልፋል። ውኃው ከየት እንደሚገባ ተገኝቶ ምንጩ ሳይደርቅ ቀለም መቀባት፣ ወይም በስልክ ማስተካከያ ምልክቱን ማጥፋት፣ ገዢን ማታለል ነው። ማሳመርና መደበቅ ለየቅል ናቸው። ገዢው በሩን ከፍቶ ሲገባ ያየው ነገር ከፎቶው ከተለየ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ካርታውም ስለ ዋጋውም የሚነግሩትን አያምንም።

አሁን ወደ ብርሃን እንምጣ፤ ከሁሉ የሚበልጠውና ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር ይህ ነው። ወፍራሙን መጋረጃ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ይሰብስቡና ስሱን ብቻ ይተዉት። የመስኮቱን መስታወት ከውስጥም ከውጭም ያጽዱ። የክፍሎቹን ፎቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ማንሳት ይመረጣል። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት ክፍል ካለ እስክታልፍ ይታገሱ፤ ወለሉ ላይ የሚጋደም ደማቅ ብርሃን ሌላውን ሁሉ ያጨልመዋል። ለሕንፃው ፊት ደንቡ ይገለበጣል፦ ወደ ምሥራቅ የዞረውን ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ የዞረውን ከሰዓት በኋላ ያንሱ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ናት። ስለዚህ ሰሜን የሚያይ ፊት ጥቅምት ላይ ጥላ ውስጥ ይውላል። ክረምትም ቢሆን አያሳስብ፤ ደመናው ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ለውስጥ ፎቶ ይመቻል።

ለማንሳቱ ጥሩ ስልክ ይበቃል። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ፍላሹን ያጥፉ፣ ስልኩን አግድም ይያዙ። ከክፍሉ ጥግ ቆመው በደረት ከፍታ ያንሱ፤ ስልኩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ ግድግዳው የሚወድቅ ይመስላል። በጣም ሰፊ የሚያሳየውን ሌንስ አልመክርም። ጠባቡን መኝታ ቤት አዳራሽ አድርጎ ያሳያል፣ ያም ከላይ ያልኩት መደበቅ ነው። መስታወት ባለበት ክፍል ራስዎ እንዳይታዩ ቦታዎን ይምረጡ።

ደረጃውን፣ ኮሪደሩን፣ የመኪና ማቆሚያውንና ከበረንዳ የሚታየውንም ያንሱ፤ የኮንዶሚኒየም ገዢ ግቢውንም አብሮ ይገዛል። ጎረቤት ልብስ ካሰጣ እስኪያነሳ ይጠብቁ። የቤት ቁጥርና የመኪና ታርጋ አይታዩ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ፎቶ ከቤቱ ፎቶዎች ጋር ፈጽሞ አይለጠፍ፤ በአካል ለመጣ ቁም ነገረኛ ገዢ ይታያል። ከማንሳትዎ በፊት የካሜራውን የቦታ መጠቆሚያ ያጥፉት።

ለደላላው በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ ጥራቱ አይቀንስም። በጣም ብርሃን ያለውን ክፍል መጀመሪያ ያድርጉት፣ መታጠቢያ ቤቱን ወደ መጨረሻው ይውሰዱት። ቤቱ ሲሸጥም ፎቶዎቹ ከተለጠፉበት ሁሉ እንዲወርዱ ደላላውን ያሳስቡ፤ ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው መኖሪያ ነው።