ሰርቨር ስናወርድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለው ቢሯችን የአውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት ይሸጣል። ሥራው የሚሄደው ከአንድ ሎድ ባላንሰር (ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች ከሚያከፋፍል ፕሮግራም) ኋላ ባሉ ሁለት ሰርቨሮች ነው። አንድ የፋሲካ ሰሞን አንዱን ለአፕዴት ከሥራ አወረድኩት። በማግስቱ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጡ፤ ብሩ ተቆርጧል፣ ትኬቱ የለም። ሎጉን (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ስከፍተው የመጨረሻው መስመር «ክፍያ ተረጋግጧል» ይላል፤ ከሱ በታች ባዶ ነው። ትኬቱን ከመመዝገቡ በፊት ፕሮግራሙን ገድዬዋለሁ።

ኪል ማይነስ 9 መጠቀም። ያን ቀን ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ይህ ትእዛዝ የሚልከውን ሲግናል፣ ሲግኪልን፣ ፕሮግራሙ አይሰማውም፤ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ባለበት ያጠፋዋል። «ኪል» ብቻ ስትሉ ግን የሚላከው 15ኛው ሲግናል፣ ሲግተርም ነው፤ በደንብ የተጻፈ ፕሮግራም ያን ሲሰማ አዲስ ጥያቄ መቀበል አቁሞ በእጁ ያለውን ይጨርሳል። ኤንጂንኤክስ የተባለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ላይ ተጠንቀቁ፤ እሱ ሲግተርም ሲደርሰው ቶሎ ይዘጋል። የጀመረውን ጨርሶ እንዲወጣ «ኤንጂንኤክስ ማይነስ ኤስ ኩዊት» በሉት። ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር የሚያስኬደው የዶከር ማቆሚያ ትእዛዝ፣ ዶከር ስቶፕም፣ ካልነገራችሁት 10 ሰከንድ ብቻ ታግሶ ይገድላል። የክፍያ መልስ 20 ሰከንድ የሚቆይባችሁ ከሆነ በ«ማይነስ ቲ» ጊዜውን አርዝሙት።

ሎድ ባላንሰሩን ሳያሳውቁ ፕሮግራሙን ማጥፋት። ሎድ ባላንሰሩ ሰርቨሩ መጥፋቱን ወዲያው አያውቅም። ኤችኤፕሮክሲ በተባለው ሎድ ባላንሰር ላይ ሄልዝ ቼክ (ሰርቨሩ መሥራቱን መጠየቂያ) ስትከፍቱ፣ ሌላ ካላዘዛችሁት በየ2 ሰከንዱ ይጠይቃል፤ 3 ጊዜ መልስ ሲያጣ ነው ሰርቨሩን የሚያወጣው። እስከዚያ ድረስ ሰው ወደ ዝግ በር ይላካል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በሶኬቱ (ኤችኤፕሮክሲ ትእዛዝ በሚቀበልበት መስመር) በኩል «ሴት ሰርቨር» ብላችሁ ስቴቱን ድሬይን (አዲስ ሰው የማይላክበት) አድርጉት።

ድሬይን እንዳደረጉ ወዲያው መዝጋት። የታክሲ ተራ አስከባሪ ሰልፉን ወደሚቀጥለው መኪና ቢያዞረውም፣ የተሳፈሩት ያሰቡበት መድረስ አለባቸው። «ሾው ስታት» ብላችሁ በሰርቨሩ ላይ ያሉት ሴሽኖች (ክፍት ግንኙነቶች) ሲቀንሱ ተመልከቱ። በኩኪ (ብራውዘሩ በሚይዘው ትንሽ መለያ) ከሰርቨሩ ጋር የታሰረ ሰው በድሬይን ጊዜም መምጣቱን አያቆምም፤ ቁጥሩ አልወርድ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ያኔ ወደ ሜይንት (በኩኪ የታሰረውም ወደማይላክበት ስቴት) አዛውሩት፣ ዜሮ እስኪሆንም ጠብቁ።

ቀሪው ሰርቨር ብቻውን ይችል እንደሆነ ሳያዩ ማውረድ። የበዓል ዋዜማ ከሆነ አትሞክሩት።

የሰዓት ነገር። ይሄ የኛው የራሳችን ስህተት ነው። «ሌሊት 8 ሰዓት ይውረድ» ተባለ፤ አንድ ባልደረባችን ክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ 8 ብሎ ጻፈ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ (ከሌሊቱ እኩለ ሌሊት ጀምሮ በሚቆጠረው የዓለም የጋራ ሰዓት) ስለሆነ ሥራው የተነሳው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ገዢ በሚበዛበት ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ለሰርቨሩ 23 ሰዓት ነው፣ ያውም በፊተኛው ቀን። አሁን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን እንጽፋለን።