ኢኮኖሚክስ የደረሳችሁ የድሬና የሐረር ልጆች፣ አጠናኑ እንዲህ ነው

አቦ ይሄን ስሙኝ፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሁኑ ሐረማያ ኢኮኖሚክስ ሀንድአውት ሸምድዶ የሚገባ ትምህርት አይደለም፣ በማትና በገበያ ነው የሚያዘው።

ማቱን ቀድማችሁ ያዙት። ዴሪቬቲቭ በደንብ ካልገባችሁ ማይክሮ (የገዢና የድርጅት ውሳኔ የሚጠናበት ኮርስ) ላይ ትቸገራላችሁ ምክንያቱም ማርጂናል ኮስት፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ እቃ ለማምረት የሚወጣው ወጪ፣ የቶታል ኮስት ዴሪቬቲቭ ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ስታትስቲክስን ችላ ያለ ደግሞ ኢኮኖሜትሪክስ (ኢኮኖሚውን በዳታ መለካት) ሲመጣ መያዣ ያጣል። በየቀኑ ትንሽም ብትሆን በእጃችሁ ስሩ፣ የጓደኛን መልስ ማየት መስራት አይደለም።

ግራፉን ግን ክላስ ውስጥ ጥላችሁት አትውጡ። ብዙ ተማሪ የዲማንድ ከርቭ ሸፍት ማድረግን (ከርቩ ራሱ ቦታ ሲቀይር) እና እዛው ከርቩ ላይ መንቀሳቀስን ያምታታል፣ ፈተና ላይም የሚጥለው ይሄው ነው። የድሬውን ቀፊራ ገበያ አስቡ፣ ሮመዳን ሲገባ ዋጋው እንዳለ ቢሆን እንኳን ሰው ከሌላ ጊዜ የበለጠ ተምር መግዛት ይፈልጋል፣ ይሄ የዲማንድ ሸፍት ነው። በበጋ ጫት ጠፍቶ ሲወደድ ግን ሸፍት ያደረገው ሰፕላዩ ነው፣ ገዢው አምሮቱ አልቀነሰም፣ ዋጋው ስለጨመረ ብቻ እዛው ከርቩ ላይ ወጣ ብሎ ትንሽ ይገዛል። አወዳይ የጫት ገበያ ላይ ደግሞ ጫት ስለሚጠወልግ ነጋዴው ለሳምንት ላቆየው አይልም፣ የደረሰውን በተገኘው ዋጋ ይሸጣል፣ ሰፕላዩ ኢንኢላስቲክ ነው (ዋጋው ቢቀየርም የሚቀርበው ብዙ አይቀየርም) የሚባለው ለዚህ ነው። እንዲህ አድርጋችሁ በራሳችሁ ምሳሌ ከሳላችሁት አይጠፋችሁም፣ እኔ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ማክሮ (የአገር ኢኮኖሚ የሚጠናበት ኮርስ) ላይ ኤክስቼንጅ ሬት ስትደርሱ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሆነውን አንብቡ፣ ብሔራዊ ባንክ በዛው ወር 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ማውጣቱንም አብራችሁ እዩት፣ ለምን አብረው እንደመጡ ካስረዳችሁ ገብቷችኋል ማለት ነው። ድሬ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው ዘመድ ካላችሁም ጠይቁት፣ ከውጭ የሚገባ እቃ ከዶላር ጋር እንዴት እንደሚወጣ በደንብ ያስረዳችኋል።

ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ከ2015 ጀምሮ ግዴታ ነው፣ 50 በመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም፣ ስለዚህ የፍሬሽና የሁለተኛ አመት ኖታችሁን አትጣሉ። ስታታ ወይም ኢቪውስ የሚባሉትን የዳታ ሶፍትዌሮች ለመልመድ ሲኒየር ኢሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫኑ አር (R) የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል። የኢሴዩን ርእስ ስትመርጡም መጀመሪያ ዳታው ይገኛል ወይ በሉ፣ ዳታ የሌለው ርእስ ቢያምርም ተዉት።