የምግብ ድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነቱን እንዴት ይወጣል? ከልገሳው በፊት የሚሠራው ሥራ

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የድርጅቱ አመራር ትልቅ የካርቶን ቼክ ይዞ ፎቶ ይነሳል፤ ከጀርባው ባነር፣ ከፊቱ የተሰለፉ ሕፃናት አሉ። በዚያው ሳምንት ለድርጅቱ ወተት ወይም እህል ያስረከበ ገበሬ ሒሳቡን ለመቀበል ለአራተኛ ጊዜ ደጅ እየጠና ሊሆን ይችላል። ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ሥዕል ነው። እኔ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ከትርፉ ስለሚቆነጠረው ሳይሆን ትርፉ ስለተገኘበት መንገድ።

ጫማ የገዛ ሰው ከተታለለ ሶሉ ሲላቀቅ ያየዋል። ምግብ የገዛ ሰው ግን ውስጡን ሳያይ አምኖ ይጎርሳል። ባለቤትም ይሁኑ ሥራ አስኪያጅ፣ ወይም «ይህንን ጉዳይ እርስዎ ይያዙት» የተባሉ የጥራት ባለሙያ፣ ሥራው የሚጀምረው ከዚህ እምነት ነው።

አንደኛ፦ አንድ ምርት መርጠው መንገዱን ይሂዱበት

ፖሊሲ ለመጻፍ አይቸኩሉ። በብዛት የሚሸጠውን ምርት ይምረጡና ከማሳው ወይም ከበረቱ ተነስተው ባዶው ማሸጊያ እስከሚጣልበት ቦታ ድረስ በእግርዎ ይሂዱ። በስልክ አይሆንም። በየደረሱበት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ እዚህ ማን ሊጎዳ ይችላል? ገንዘቡን እየጠበቀ ያለው ማን ነው? የሚደፋው ምንድን ነው? መልሱን እዚያው ቆመው ይጻፉት፤ ቢሮ ከተመለሱ በኋላ የሚጻፍ ነገር ይለዝባል።

ያዩትን ለመደልደል ማዕቀፍ ከፈለጉ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው አይኤስኦ 26000 የሚባል መመሪያ አለ። ኃላፊነትን በሰባት ርዕሶች ይከፍለዋል፦ የድርጅት አስተዳደር፣ ሰብዓዊ መብት፣ የሥራ ሁኔታ፣ አካባቢ፣ ፍትሐዊ የንግድ አሠራር፣ የሸማቾች ጉዳይ፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎና ልማት። ያ የካርቶን ቼክ የሚገባው ከሰባቱ በአንዱ፣ በመጨረሻው ውስጥ ብቻ ነው። መመሪያው ምክር ነው፤ የምስክር ወረቀት አይሰጥበትም። «የአይኤስኦ 26000 ሰርተፊኬት እናስወጣልዎታለን» የሚል አማካሪ ከመጣ አመስግነው ይሸኙት።

ሁለተኛ፦ ምግቡ ሰው እንዳይጎዳ

ራስ ሳይጠና ጉተና ይላሉ። የምርቱን ደኅንነት በቅጡ ያልጨበጠ ድርጅት ስለ ችግኝ ተከላው ሲያወራ ይህ ተረት ትዝ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት መሠረት በተበከለ ምግብ ሳቢያ በዓመት 600 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይታመማሉ፣ 420,000 ያህሉ ይሞታሉ። ከሟቾቹ 125,000 ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

የሥራው መሣሪያ ሃሳፕ (HACCP፣ የአደጋ ትንተናና ወሳኝ የቁጥጥር ነጥቦች) ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለጠፈርተኞች ምግብ ሲዘጋጅ ነው። ያለቀውን ምግብ ናሙና እየወሰዱ በመመርመር እርግጠኛ ለመሆን ቢሞከር፣ በቂ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ለጠፈርተኛው የሚተርፍ ብዙ ምግብ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩ ተገለበጠና አደጋ የሚገባባቸው ነጥቦች አስቀድመው ተለይተው እዚያው መቆጣጠር ተጀመረ። ወተት የሚፈላበት የሙቀት መጠንና ጊዜ፣ እህል ሻጋታ እንዳያወጣ የሚደርቅበት ደረጃ፣ የብረት ስብርባሪ የሚለቀምበት መፈተሻ እንዲህ ያሉ ነጥቦች ናቸው። ለእያንዳንዱ ገደብ ይቀመጥለታል፤ ማን እንደሚለካው፣ ገደቡ ሲታለፍ ምን እንደሚደረግ ይጻፋል። መዝገቡ ላይ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ካዩ ሳይለካ የሚሞላ መዝገብ ነው ብለው ይጠርጥሩ።

ከዚያ ራስዎን ይፈትኑ። በዘፈቀደ አንድ የታሸገ ምርት ከመደርደሪያ አንሱና ሰዓት ይያዙ። ጥሬ ዕቃው ከየትኛው አቅራቢ እንደመጣ፣ በዚያ ዙር የተመረተው ሁሉ የት የት እንደተላከ በስንት ሰዓት ውስጥ ታወቀ? በግማሽ ቀን ካልታወቀ፣ ችግር ሲመጣ ምርቱን ከገበያ መሰብሰብ አይችሉም ማለት ነው። ለዚህ የግድ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። በየዙሩ የማይዘለል ቁጥርና በሥርዓት የተያዘ መዝገብ ለጀማሪ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ የደረሰውን ማስታወስ ያሻል። ወተት ውኃ ሲጨመርበት ፕሮቲኑ ይወርዳል። የፕሮቲን ምርመራው ግን በቀጥታ የሚለካው ናይትሮጅንን ነበር። ሜላሚን የሚባለው ለፕላስቲክ ሥራ የሚውል ኬሚካል ናይትሮጅን ስለሚበዛበት፣ እሱን የጨመረ ሰው ምርመራውን ያልፋል። 300,000 ያህል ሕፃናት ታመሙ፤ ስድስት ሕፃናት መሞታቸው በመንግሥት ተገለጸ። ላቦራቶሪ ነበረ፣ ምርመራም ይካሄድ ነበር። ስለዚህ ጥራት ተቆጣጣሪዎን «ይህን ምርመራ ማታለል ብፈልግ እንዴት አደርጋለሁ?» ብለው ይጠይቁት። ጥያቄው ይከብዳል፤ ደጋግሞ መጠየቅ ግን ልማድ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ሳይበከል የሚጎዳውን ይቀንሱ

ንጹሕ ሆኖም ቀስ ብሎ የሚጎዳ ምግብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። የተጨመረ ስኳርና መሰሉ ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ ይህም በ2,000 ኪሎ ካሎሪ ሲሰላ 50 ግራም ያህል ይሆናል። በፋብሪካ ፈሳሽ ዘይት እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠረው፣ ትራንስ ፋት የሚባለው የስብ ዓይነት ደግሞ ከ100 ግራም ስብ ውስጥ ከ2 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንኑ ገደብ በሕግ ስታስቀምጥ ቀዳሚዋ ነበረች።

ትራንስ ፋትን ዘይቱን ወይም የጠጣሩን ስብ ዓይነት በመቀየር በአንድ ጊዜ ማስወጣት ይቻላል። ጨውና ስኳር ላይ ግን ቀስ ይበሉ። በአንድ ጊዜ ሲቀነስ ደንበኛው ጣዕሙ ተቀየረ ብሎ ይሸሻል፤ በየጥቂት ወራቱ ትንሽ በትንሹ ሲቀነስ ምላስ ይለምዳል። ማስታወቂያ የግድ አይደለም፤ እንዲያውም «ጨው ቀነስን» ተብሎ ሲለፈፍ ሰው ከመቅመሱ በፊት አልጫ ነው ብሎ ይደመድማል። አንዱን ቀንሶ በሌላው ማካካስ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ስቡ ወርዶ ስኳሩ ከወጣ የተቀየረው መለያው ብቻ ነው።

መለያውን ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሰው በአንድ ቁጭታ የሚጨርሰውን ጠርሙስ «ሁለት ተኩል መጠን» ብሎ ከፋፍሎ ስኳሩን ለአንዱ መጠን ብቻ መጻፍ በሕግ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል። ሸማቹን ማታለል መሆኑን ግን ጸሐፊውም ያውቀዋል። ለሕፃናት የሚሆን ወተት የሚያመርቱ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 የጸደቀውን የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚመለከት ዓለም አቀፍ ደንብ ያንብቡ። ለሕዝብ ማስተዋወቅን፣ ለእናቶች ነጻ ናሙና ማደልን ይከለክላል። ውኃው ንጹሕ ባልሆነበት ቤት ዱቄቱ ራሱ አደጋ ይሆናል፤ ናሙናው እስኪያልቅ የእናቲቱ ጡት ሊደርቅ ይችላል።

አራተኛ፦ የሚገዙበትን መንገድ ያስተካክሉ

ከሁሉም እርምጃ ከባዱ ይህ ይመስለኛል፤ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነውና። ብዙ ድርጅት ለአቅራቢዎቹ ረዥም የሥነ ምግባር ደንብ ያስፈርማል፤ ያው ድርጅት ሒሳብ ለመክፈል ሦስት ወር ይቆያል፣ ትዕዛዙን በመጨረሻው ሰዓት ይሰርዛል፣ ከዓመት ዓመት ዋጋ ይጎትታል። አቅራቢው ጫናውን የሚያወርደው በጉልበት ሠራተኞቹ ላይ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ቶሎ የሚበላሹ ምርቶችን የገዛ ትልቅ ድርጅት በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍል፣ ቀኑ ከ30 ቀን በታች ሲቀረውም ትዕዛዝ እንዳይሰርዝ ወስኗል። ሕጉ እርስዎን ባይመለከትም መለኪያውን ይውሰዱት። ላለፈው ዓመት ለእያንዳንዱ አቅራቢ ስንት ቀን እንደቆዩ ሒሳብ ክፍሉን ያስወጡ። ዝርዝሩ ደስ አይልም። ከትንንሾቹና ምርታቸው ቶሎ ከሚበላሸው ጀምረው ቀኑን ያሳጥሩ።

የሕፃናት ጉልበት ሌላው ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 ስለ ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ፣ ቁጥር 182 ደግሞ እጅግ አስከፊ ስለሆኑት የሕፃናት ሥራ ዓይነቶች ነው። የካካዎ ኢንዱስትሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ጉዳዩን በ2005 መልክ ሊያስይዝ ቃል ገብቶ ነበር፤ ቀነ ገደቡ ተደጋግሞ ተራዘመ። ቸኮሌት ሠሪው ፍሬው ከማን ማሳ እንደመጣ ሳያውቅ፣ ገበሬውም አዋቂ ሠራተኛ የሚቀጥርበት ገቢ ሳይኖረው በተቆጣጣሪ ብቻ የሚሆን ነገር አልነበረም።

አንድ አቅራቢ ጋ ልጅ ሲሠራ ካገኙ ውል አቋርጦ መሄድ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ፎቶውም ያምራል። ልጁ ግን በማግስቱ ወደ ባሰ ሥራ ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የሰብዓዊ መብት መርሆች በአቅራቢው ላይ ያለዎትን ጉልበት ለማስተካከያ እንዲጠቀሙበት ይጠይቃሉ። ከአቅራቢው ጋር ሆነው ልጁን ወደ ትምህርት ይመልሱ፤ በቦታው ከቤተሰቡ አዋቂ ሰው እንዲቀጠር ያድርጉ፤ ከሦስትና ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ይዩ። አቅራቢው አሻፈረኝ ካለ ያኔ ይለያዩ።

አምስተኛ፦ የራስዎ ሠራተኞች

አጭር ነው፦ የታመመ ሠራተኛ ቀኑ ከተቆረጠበት፣ ተቅማጥ ይዞትም ቢሆን መጥቶ ምግብ ይነካል። በክፍያ የሚሰጥ የሕመም ፈቃድን እኔ ከሰው ኃይል ጉዳይ ይልቅ ከምግብ ደኅንነት እመድበዋለሁ። ፈቃዱ በኤጀንሲ በኩል የመጡትን ጊዜያዊ ሠራተኞችም ይጨምር፤ ብዙ ጊዜ ማሸጊያው ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ከዚያ መጸዳጃ ቤቱን ይዩ፣ የማሽኑ መከላከያ ክዳን ለፍጥነት ሲባል ተነስቶ እንደሆነ ይመልከቱ፣ የማቀዝቀዣ ክፍሉ በር ከውስጥ ይከፈት እንደሆነ ገብተው ይሞክሩት።

ስድስተኛ፦ የሚደፋውን ይመዝኑ

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በችርቻሮ፣ በምግብ ቤትና በመኖሪያ ቤት ባክኗል። 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት ነው። «ይህ የደንበኛው ጥፋት ነው» ለማለት አይቸኩሉ፤ ቤት ውስጥ ከሚጣለው ከፊሉ የሚጣለው ማሸጊያው ላይ ባለው ቀን ምክንያት ነው። ጣዕሙ የሚቀንስበትን ቀንና መብላቱ አደጋ የሚሆንበትን ቀን በተለያየ ቃል ይጻፉ። ሁለቱን «የሚያበቃበት ቀን» ብሎ መደበላለቅ ደህና ምግብ ያስጥላል።

በፋብሪካው ውስጥ በየክፍሉ ሚዛን ያስቀምጡ፤ ለአንድ ወር የሚጣለውን ሁሉ ከነምክንያቱ ያስመዝግቡ። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ እንዳይፈጠር ማድረግ፣ ከዚያ ለሰው፣ ከዚያ ለከብት መኖ፣ ከዚያ ለማዳበሪያ። ፍሳሹንም አይርሱ። ወተት፣ ደም፣ ስኳር ያለበት እጣቢ «የምግብ ነው» ተብሎ ወንዝ ሲለቀቅ ባክቴሪያው እሱን ለማብላላት የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ያልቃል። ኦክስጅን በማስጨረስ ወተት ከቤት ፍሳሽ በመቶዎች እጥፍ ይብሳል። ማጣሪያ ከመግዛትዎ በፊት መሬት ላይ የሚፈስሰውን ይቀንሱ፤ ወለሉን በውኃ ከማጠብ በፊት በደረቁ መጥረግ ብቻውን ለውጥ ያሳያል።

ሰባተኛ፦ አሁን ይለግሱ

እዚህ ከደረሱ ልገሳው ክብር አለው። የሚበላሽበት ቀን ሁለት ቀን የቀረውን ሸክም ማራገፍ ልገሳ አይደለም፤ ተቀባዩ ማከፋፈል የሚችልበት ጊዜ ይኑረው። ምን እንደሚያስፈልግ ተቀባዩን አስቀድመው ይጠይቁ። አንዳንዴ የሚያስፈልገው ምግቡ ሳይሆን ባዶውን የሚመለሰው ማቀዝቀዣ ያለው መኪናዎ ነው። የተራበ ሰው ምግቡን ለመቀበል ካሜራ ፊት መቆም የለበትም።

ስምንተኛ፦ ሪፖርት

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ። ስለ ፍሳሹ ሲጠየቅ የተከለውን ችግኝ የሚቆጥር ሪፖርት እንዲህ ነው። ከላይ ከተመዘኑት አምስት ወይም ስድስት ቁጥሮች ይምረጡ፦ ለአቅራቢ የተከፈለበት አማካይ ቀን፣ ለአንድ ቶን ምርት የዋለ ውኃ፣ የተጣለ ምግብ በኪሎ፣ የሥራ ላይ ጉዳት፣ ከገበያ የተሰበሰበ ምርት። መነሻ ዓመት ይያዙና በየዓመቱ እነዚያኑ ያውጡ፤ ቁጥሩ ሲያሳፍርም አይቀይሯቸው። ለአንድ ቶን ሲሰላ የወረደው ውኃ፣ ምርቱ ስለጨመረ በጠቅላላው ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ያሳዩ።

ሪፖርቱ ከመታተሙ በፊት የግዥ ኃላፊዎ የዓመት ጉርሻ በምን እንደሚሰላ ይመልከቱ። ዋጋ በማስወረድ ብቻ ከሆነ፣ በአራተኛው እርምጃ የጻፉትን ሁሉ እሱ በሚቀጥለው ድርድር ይሽረዋል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። የክፍያ ቀኑንና የአቅራቢዎቹን ሁኔታ ከጉርሻው መስፈርት ውስጥ ያስገቡና ሪፖርቱን ከዚያ ያሳትሙ።