የሎሚ ክሬም ሲጓጉል፣ ሲቀጥንና ሲመርር፦ ችግርና መፍትሄ

እንግሊዞች «ሌመን ከርድ» የሚሉትን፣ እኛ ቤት በአጭሩ የሎሚ ክሬም የምንለውን ዳቦ ላይና ኬክ ውስጥ የሚቀባ ነገር ለብዙ ዓመታት ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ቤቴ ሠርቻለሁ፤ ለሌሎች ሲበላሽባቸውም እየተጠራሁ አስተካክያለሁ። የምጠራው ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በአንድ ችግር ነው፤ እሱም መጓጎል ነው። ስለዚህ ለእሱ ሰፊ ቦታ እሰጣለሁ።

መነሻዬ የሚከተለው ልክ ነው፦ 200 ግራም ስኳር፣ 100 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 150 ሚሊ ሊትር የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ፣ 2 ሙሉ የፈረንጅ እንቁላልና 2 አስኳል። የሐበሻ እንቁላል አነስ ስለሚል 3 ሙሉና 2 አስኳል ይበቃል።

ክሬሙ ጓጉሎ እንደ እንቁላል ፍርፍር ሲሆን

መንስኤው የእንቁላሉ መበላሸት አይደለም፤ ሙቀቱና የአጨማመር ቅደም ተከተሉ ነው። ብቻውን የተጣደ የእንቁላል ነጭ 62 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምራል። ስኳሩ ይህን ስለሚያዘገየው ክሬሙ የሚወፍረው 77 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከ85 ካለፈ ግን እንቁላሉ ውሃውን እየለቀቀ ወደ ጓል ይለወጣል። በመወፈርና በመበላሸት መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ነው።

አንድ ጊዜ በፋሲካ ዋዜማ አንዲት ጎረቤቴ «እትዬ፣ እንቁላሉን የተበላሸ ሸጡልኝ መሰለኝ» ብላ በሩጫ መጣች። ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም ደፍታዋለች። ሄጄ ሳይ ከሰሉ ፍም ሆኖ የድስቱን ቂጥ ይነካል፤ እሷም የሎሚውን ጭማቂ ከስኳሩ ጋር አፍልታ፣ የተመታውን እንቁላል በአንድ ጊዜ ትገለብጥበታለች። እንቁላሉ የፈላውን ነገር በነካበት ቅጽበት ነጭ ክር እየሆነ ይንሳፈፋል። የቀሩትን እንቁላሎች አንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ነክረን አየናቸው፤ ሁሉም ታች ቁጭ ያሉ፣ ጤነኛ ነበሩ። ለፆም መፍቻ የታሰበው ክሬም የደረሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ከሠራነው በኋላ ነው።

ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። በመጀመሪያ ቅቤውንና ስኳሩን አንድ ላይ ነጣ እስኪል ይምቱ። ቀጥሎ እንቁላሉንና አስኳሉን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ይምቱ፤ በመጨረሻ ጭማቂውን ያፍስሱበት። በዚህ ጊዜ ውህዱ የተበላሸ ይመስላል፤ አይደንግጡ፤ የተለያየው ቅቤው ነው እንጂ እንቁላሉ ገና እሳት አላየም። በዝግታ እሳት ላይ ሲጣድ ቅቤው ይቀልጥና ሁሉም ይለሰልሳል። ቅቤው ከእንቁላሉ ጋር አስቀድሞ በደንብ ስለተዋሐደ እንቁላሉ እርስ በርሱ ተያይዞ ጓል እንዳይሠራ ይከላከላል። የድሬዳዋ ሙቀት ቅቤውን ረፋድ ላይ ራሱ ያለሰልሰዋል፤ ወደ ዘይትነት ከተለወጠ ግን አይመታምና 10 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። በእንጨት ማንኪያ የድስቱን ቂጥና ጥግ እየጠረጉ ያለማቋረጥ ያማስሉ። መጀመሪያ ላይ ፊቱን የሸፈነው አረፋ እየጠፋ ሲሄድ ሰዓቱ መድረሱን ይወቁ፤ ከዚህ በኋላ ስልክ አይነሳም፣ በርም አይከፈትም። ማንኪያውን አውጥተው ጀርባውን በጣት ሲያሰምሩበት መስመሩ ሳይሞላ ከቆየ ደርሷል። ወዲያው ያውጡት፤ መፍላት የለበትም። ከሰል የሚጠቀም ሰው ድስቱን በቀጥታ አይጣድ፤ ሳህኑን በሚፈላ ውሃ ላይ፣ ቂጡ ውሃውን ሳይነካ ያስቀምጥ። «ሐረር ደጋ ስለሆነ አይወፍርም» የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። ውሃ ሐረር 94፣ ድሬዳዋ 96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሁለቱም ክሬሙ ከሚፈልገው በላይ ነው።

መጓጎሉ ገና ከጀመረ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጠው በወንፊት ያጥልሉት፤ ይተርፋል። ሙሉ በሙሉ ከጓጎለ ይደፋ። በጁስ መፍጫ ፈጭቶ ማዳን እንደሚቻል የሚናገሩ ሰዎች መልኩን እንጂ የበሰለ እንቁላል ሽታውን አያስተካክሉትም።

ሲቀጥን

ትኩስ ክሬም ሁልጊዜ ቀጭን ነው፤ ቅቤው ሲቀዘቅዝ ይጠነክራልና ከፍሪጅ ሳያወጡ አይፍረዱ። አድሮም ከቀጠነ አልበሰለም፤ መልሰው በዝግታ ያሙቁት። ከገበያ የተገዛ ለጋ ቅቤ አሬራ ስለሚይዝ ያቀጥነዋል። ከረጋ ዘይት ጋር ቀላቅለው ቅቤ ነው ብለው የሚሸጡትን ደግሞ ፈጽሞ አይግዙ፤ ክሬሙ ሲቀዘቅዝ ምላስ ላይ የሚጣበቅ ሞራ ይሆናል።

ብረት ብረት ሲልና ሲያመድ

የሎሚ ኮምጣጣነት ከአሉሚኒየም ጋር አይስማማም። ሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭ ያለ አንድ ኬክ ቤት ክሬማችን አመድ መሰለ ብለው ጠሩኝ፤ ድስታቸውን ባየሁ ጊዜ ክሬሙ የነካው ክፍል እንደ አዲስ ነጥቶ፣ ከላይ ያለው ጥቁር ሆኖ፣ መካከሉ ላይ መስመር ተሰምሮበታል። ብረቱ የሄደው ወደ ክሬሙ ነው። የማይዝግ ድስት ወይም የመስታወት ሳህን ይጠቀሙ፤ መምቻውም አሉሚኒየም አይሁን።

ሲመርር

ለሽታ ብለው የሎሚውን ልጣጭ ሲፈቀፍቁ ከሥሩ ያለውን ነጩን ነክተዋል። ላይ ላዩን ብቻ ይፈቅፍቁ።

አስኳሉ ላይ ጠጣር ቢጫ ነጠብጣብ ከታየ ስኳር ተነስንሶበት ሳይመታ ቆይቷል። የኤረር ብርቱካን ወይም መንደሪን ለሚጠቀሙ ደግሞ፣ ከጭማቂው ሩብ ያህሉ ሎሚ ካልሆነ ጣፋጭነት ብቻ ይሆናል። በጠርሙስ የሚሸጠውን የሎሚ ሽታ አይጨምሩ።

በመጨረሻ ስለ ማስቀመጥ፤ ይህ ማርማላታ አይደለም። እንቁላልና ቅቤ ያለበት ስለሆነ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ በድሬዳዋ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ያደረ ክሬም ይደፋል፣ አይቀመስም። በንጹሕ ብልቃጥ፣ ፊቱን በፕላስቲክ ሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ አንድ ሳምንት ያቆዩት። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ ግን ሳምንቱን አይቁጠሩ።