የኬሚካል ምህንድስና ፒኤችዲ፦ ምን ይጠብቃችኋል? እንዴትስ ትይዙታላችሁ?

በኬሚካል ምህንድስና ፒኤችዲ ለመማር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ኮርሱን ነው። ሒሳቡ ይከብዳል፣ ፈተናው ያስጨንቃል ይባላል። ይከብዳል፣ አልዋሽም። ዓመታቱን የሚበላው ግን ሌላ ነው። ከሙከራችሁ የወጣ አንድ ቁጥር፣ ማንም ቢመጣ የምትሟገቱለት ቁጥር ለማግኘት ነው ጊዜው የሚሄደው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ለዚያ ተዘጋጁ።

1. አማካሪያችሁን አጥኑ

የዩኒቨርሲቲው ስም ሲቪ ላይ ያምራል። ለዓመታት አብራችሁ የምትሠሩት ግን ከአማካሪያችሁ ጋር ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ተማሪዎቹን ለብቻቸው አግኝታችሁ ጠይቁ። ሰው በስንት ዓመት ይመረቃል? ያቋረጠ አለ? ለምን? የምርምር ገንዘቡስ እስከ መቼ ይቆያል? አንድ ጥያቄ ደግሞ እንዳትረሱ፦ የምሠራበት መሣሪያ ተተክሎ እየሠራ ነው ወይስ ገና ሊገዛ ነው? "ሊገዛ ነው" ከተባላችሁ፣ ማዘዙ፣ ማስገባቱና መትከሉ ብቻውን አንድ ዓመት ሊወስድ እንደሚችል አስቡ።

በብዙ ቦታ የምህንድስና ፒኤችዲ ተማሪ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት ወርሃዊ አበል ያገኛል። በምትኩ ያስተምራል ወይም ፕሮጀክት ላይ ይሠራል። ከኪሳችሁ ክፈሉ ከተባላችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ።

2. ኮርሱን እለፉት

በአሜሪካ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ 5 ዓመት አካባቢ ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ይሞላል። በብሪታንያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ነው፤ በአብዛኛው በቀጥታ ወደ ምርምር ይገባል። የኮርሶቹ ምሰሶዎች ቴርሞዳይናሚክስ፣ የሪአክሽን ካይኔቲክስ (ሪአክሽን በምን ፍጥነት እንደሚሄድ)፣ ትራንስፖርት ፌኖሜና (ፈሳሽ፣ ሙቀትና ቁስ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ) እና ሒሳብ ናቸው። ከኬሚስትሪ የመጣ ሰው ትራንስፖርቱ ላይ ይንገዳገዳል። በዲግሪ ጊዜ አንደኛ የነበረ ተማሪ እዚህም ሁሉንም ኤ ለማምጣት ሲታገል የላቦራቶሪ ሥራው ወደ ኋላ ይቀርበታል። ማለፊያው ይበቃል።

3. ጥያቄያችሁን አጥብቡ

"ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ነዳጅ መቀየር" በሺዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ዘርፍ ነው፤ ለአንድ ሰው ፒኤችዲ ይሰፋል። "ይህ የመዳብ ካታሊስት (ሪአክሽን የሚያፋጥን ቁስ) በ250 ዲግሪ ሴልሺየስ ሜታኖል ሲሠራ፣ አብሮ የሚወጣው ውሃ ለምን ያዳክመዋል?" ብትሉ ግን ነገ ጠዋት የምትጀምሩት ሥራ አላችሁ።

4. መሣሪያውን ሳትፈትኑ አትመኑት

የካታሊስት ሙከራን እንውሰድ። ከሲሊንደር የወጣ ጋዝ በፍሰት መቆጣጠሪያ ያልፋል፣ ምድጃ ውስጥ ባለ ቀጭን ቱቦ ካታሊስቱን ያገኛል፣ ከዚያ ለልኬት ጋዝ ክሮማቶግራፍ (የጋዝ ድብልቅን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) ውስጥ ይገባል። ወረቀት ላይ ሲያዩት የሳምንት ሥራ ይመስላል። ወራት ይፈጃል።

መጀመሪያ የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ። መሣሪያውን በናይትሮጅን ሞልታችሁ ዝጉትና ግፊቱ ሳይወርድ ማደሩን እዩ። ከወረደ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ የሠራው ነው ጥፋተኛው። ቀጥሎ ካታሊስት ሳትጨምሩ ሙሉ ሙከራውን አካሂዱ። ይህን የሚዘል ብዙ ነው። በከፍተኛ ሙቀት የብረቱ ቱቦ ግድግዳ ራሱ ሪአክሽኑን ሊያፋጥን ይችላል፤ እናንተ ግን ሳታውቁ ካታሊስታችሁን ታመሰግናላችሁ።

ከዚያ የካርቦን ሒሳብ ይመጣል። የገባው ካርቦን በሙሉ የት እንደደረሰ መታወቅ አለበት። 100 አቶም ገብቶ 85 ከወጣ 15ቱ የት ገቡ? ካታሊስቱ ላይ ጥቀርሻ ሆነው ተለጥፈው ይሆናል። ከባዱ ውህድ ቀዝቃዛ ቧንቧ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ቀርቶም ይሆናል። ወይም የክሮማቶግራፉ ካሊብሬሽን (በታወቀ መጠን የተደረገው ማስተካከያ) ተዛብቷል። መልሱን እስክታገኙ ድረስ ጽሑፍ አትጀምሩ፤ አማካሪያችሁ ቢቸኩልም።

ሒሳቡ ሲዘጋ አንድ ወጥመድ ይቀራል። የካታሊስቱን ቅንጣት ፈጭታችሁ አሳንሱና ድገሙት። ለአንድ ግራም ካታሊስት የሚሰላው የሪአክሽን ፍጥነት ከጨመረ፣ እስካሁን የለካችሁት ሪአክሽኑን ብቻ ሳይሆን ጋዙ ወደ ቅንጣቱ ውስጥ ለመግባት የሚፈጅበትን ጊዜም ጭምር ነበር። ሲሙሌሽን የምትሠሩ ሰዎችም አታመልጡም። የስሌት መረቡን (ኮምፒውተሩ ቦታውን የሚከፋፍልባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) አጥብቃችሁ ስታስኬዱት መልሱ ከተቀየረ ገና መልስ የላችሁም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ያልተጠበቀ ውጤት ሲመጣ ስህተት ይሁን ግኝት ለመለየት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሐበር በ1909 አሞኒያን ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን መሥራቱን ካሳየ በኋላ፣ ቢኤኤስኤፍ በተባለው የጀርመን የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ የአልቪን ሚታሽ ቡድን ጥሩ ካታሊስት ፍለጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች አደረገ። ንጹህ ብረት ደካማ ሲሆን ከስዊድን የመጣ አንድ የብረት ማዕድን ግን ጥሩ ሠራ። ቡድኑ ልኬቱን ስላመነው ምክንያቱን ፈለገ፤ ከብረቱ ጋር የተቀላቀሉ ሌሎች ነገሮች እንደሚያግዙት ገባው። የአሞኒያ ፋብሪካው በ1913 ጀርመን ውስጥ ኦፓው ላይ ሥራ ጀመረ።

5. የደህንነት ቅጹን በቁም ነገር ሙሉ

አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የላቸውም፤ የጋዝ ጠቋሚው ሳይሠራ ሲሊንደር አትክፈቱ። ሌሊት ብቻችሁን አደገኛ ሙከራ አታድርጉ።

6. ሁለተኛውን ዓመት ታገሱ

ኮርሱ አልቋል፣ ውጤት ግን የለም፣ የክፍል ጓደኛችሁ ደግሞ ጽሑፍ አሳትሟል። ብዙ ሰው ማቋረጥ የሚያምረው እዚህ ጋ ነው። ብታቋርጡም ነውር የለውም፤ በብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ማስተርስ ይዞ መውጣት ይቻላል። ግን የምትወስኑት ሥራው ስለማይስማማችሁ ይሁን እንጂ አንድ ቫልቭ ስላስመረራችሁ አይሁን።

7. ቶሎ ጻፉ

ግራፎቹን አስቀድማችሁ ሥሩ፤ የጎደለው ሙከራ ያኔ ፍንትው ብሎ ይታያል። ጆርናል ላይ ግምገማው ወራት ይወስዳል፣ ውድቅ መደረግም የተለመደ ነው። በብዙ ቦታ የመመረቂያ ጽሑፉ የታተሙት ሥራዎች ተሰባስበው የሚወጣ ነው። መጨረሻ ላይ አሜሪካ ውስጥ ለታዳሚ ገለጻ አድርጋችሁ ኮሚቴው ይጠይቃችኋል። ብሪታንያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ፈታኞች ጋር ዝግ ክፍል ትቀመጣላችሁ።

ሥራ ፍለጋውን ከዚያ በፊት ጀምሩት። ባትሪ፣ መድኃኒት፣ ሴሚኮንዳክተርና ኢነርጂ የሚሠሩ ድርጅቶች የዚህን ሙያ ሰው ይቀጥራሉ፤ የመጨረሻው ዓመት ሲገባ ማመልከት መቸኮል አይባልም። ከላቦራቶሪው ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ለሚተካችሁ ተማሪ የመሣሪያውን አጠቃቀም ጽፋችሁ ተዉለት፤ የትኛው መጋጠሚያ እንደሚያፈስ ጭምር።