ደጋግሞ እንደ አዲስ የሚነሳውን የድሮ አርኬድ (የቪዲዮ ጨዋታ) ማሽኔን እንዴት ጠገንኩት
ማሽኑ በበራ በ10 ደቂቃው ጨዋታውን አቋርጦ እንደ አዲስ ይነሳ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ክፍል ነው። በመልቲሜትር ስለካው ግን 5.1 ቮልት ይሰጣል፤ ጤነኛ ነው። እዚያው ቦርዱ (ቺፖቹ የተሸከሙበት የጨዋታው ሰርኪዩት) ላይ፣ ከቺፖቹ እግር ስለካ 4.6 ሆነ። እነዚህ ቺፖች ከ4.75 በታች አይታመኑም። ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው!

ከሶኬት ነቅዬ የቦርዱን ማገናኛ ስስበው የ5 ቮልቱና የግራውንዱ (የመመለሻ መስመሩ) ፒኖች ጠቁረዋል። የላላ ፒን ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይበላሻል። የተቃጠሉትን ቀየርኩ፣ የቦርዱን ጠርዝ በአልኮል ጠረግኩ። አሁን ቦርዱ ላይ 5.02 አለ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ሠራልኝ፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የሰፕላዩን ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ ማካካስን አልመክርም፤ የግንኙነቱ ጉድለት እንዳለ ይቀራል።

የስክሪኑን ወፍራም ሽቦ ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን አትንኩ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።