ቶርኖና ፍሬዛ አንድ ላይ ያለበት ማሽን ልክ አልጠብቅ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

እዚህ ድሬዳዋ ለትንሽ ወርክሾፕ እንዲህ ያለ፣ ብረቱን እያዞረም (ቶርኖ) መቁረጫውን እያዞረም (ፍሬዛ) የሚቆርጥ ማሽን ትልቅ ነገር ነው። ቦታ አይፈጅም፤ የባጃጅ ቡሽም የፓምፕ ሻፍትም ያወጣል። ግን ሰው ሁሉ "ልክ አይጠብቅም" ይለዋል። አቦ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከአተካከላችን ነው!

ትልቁ ስህተት ማሽኑን ወለል ላይ አስቀምጦ ብሎኑን ግጥም አድርጎ ማሰር ነው። የዚህ ማሽን አልጋ (ሌላው ሁሉ የተቀመጠበት ረጅሙ አካል) እንደ ድሮዎቹ ከባድ ቶርኖዎች አይደለም፤ ወለሉ ጎርበጥ ካለ ሲታሰር አብሮ ይጠመዘዛል፣ ከተጠመዘዘ ደግሞ ሌላ የምታስተካክሉት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። የግንበኛ ውሃ ልክ እዚህ አይሠራም። በ1 ሜትር 0.02 ሚሊ የሚያሳይ ተዋሱ። አልጋው ላይ አግድም አድርጋችሁ በቻኩ (ብረቱን ይዞ በሚያዞረው) በኩልም በቴልስቶኩ (ከማዶ ጫፉን በሚደግፈው) በኩልም አንብቡ። ከተለያየ ከእግሩ ሥር ቀጭን ላሜራ ጨምሩ። ከዚያ 30 ሚሊ ወፍራም ብረት ቻክ ላይ ብቻ አስራችሁ፣ 150 ሚሊ ያህል አውጥታችሁ፣ ስስ አድርጋችሁ ቁረጡና ሁለቱ ጫፍ እኩል መሆኑን በማይክሮሜትር ለኩ። ቴልስቶኩን እዚህ አትንኩት፣ የራሱን ስህተት ይቀላቅልባችኋል። የእሱ ተራ ይህ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የኛን አገር ሙቀት መርሳት ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ገና ከመቁረጫው የወጣ ትኩስ ብረት አትለኩ። 50 ሚሊ ሻፍት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 0.024 ሚሊ ገደማ ያብጣል። በትኩሱ ልክ 50 አድርጋችሁ ብታወጡት ሲበርድ ያንሳል፣ ኩሽኔታውም ላዩ ላይ ይዞራል። ደንበኛው በሳምንቱ ይዞት ሲመለስ ማሽኑን እንወቅሳለን።

ሲንቀጠቀጥ ደግሞ የተንሸራታቹን ማጥበቂያ ብሎኖች እስከ ጥግ እናጠብቃለን። እንዲህ ሲሆን መሄዱን ትቶ ይዘላል። በእጅ ሲገፋ እንዳይነቃነቅ፣ እጀታው ግን በቀላሉ እንዲዞር ይሁን። ፍሬዛ ስትሠሩ የማታንቀሳቅሱትን አቅጣጫ ቆልፉት።

የፍሬዛው ምሰሶ ክብ ከሆነ፣ መቁረጫውን የያዘውን ጭንቅላት ከፍ ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር የቀዳዳው መሃል ይጠፋባችኋል። ስለዚህ ከረጅሙ ትራፓን (መብሻ) ቁመት ተነሱና ሁሉንም በአንድ ከፍታ ጨርሱ።

የእጀታው ባዶ ዙርማ (እጀታው ዞሮ ተንሸራታቹ የማይነቃነቅበት) በየትኛውም ማሽን አለ። ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ቅረቡ። ካለፋችሁ ግማሽ ዙር ተመልሳችሁ እንደገና ኑ።